ወንዱ ዓሣ የእንቁላል አስኳል መሥራት ሲጀምር
ኬሚካሎች የዓሣን ሆርሞንና ርቢ እንዴት እንደሚያዛቡ፣ ለእኛስ ማዕድ ምን ማለት እንደሆነ



በባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ በምሠራበት መድኃኒት ቤት በተለይ ነፍሰ ጡር እህቶች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ። «የሐይቁ ዓሣ ኬሚካል አለበት ይባላል፤ ልብላ ወይስ ልተው?» ይላሉ። አጭሩ መልስ «ብዪ፣ ነገር ግን የዓሣውን ዓይነት ምረጪ» የሚል ነው። ረጅሙን መልስ ግን ባንኮኒ ላይ ቆሞ መጨረስ አይቻልም። ምክንያቱም ነገሩ የሚጀምረው ከሰው ሳይሆን ከራሱ ከዓሣው ነው። ወደ ውኃ የሚገቡ አንዳንድ ኬሚካሎች ዓሣውን አይገድሉትም፤ ሞቶ አይንሳፈፍም፣ ሽታውም ጣዕሙም አይለወጥም። የሚነኩት የመራቢያ ሆርሞኑን ነው። ዓሣ አስጋሪውም ሆነ ገዢው በዓይኑ የሚያየው አንድም ምልክት የለም።

ሆርሞን ስንል

እንደሚታወቀው ሆርሞን ማለት በሰውነት ውስጥ ያሉ ዕጢዎች ወደ ደም የሚለቁት መልእክተኛ ነው። ዓሣም እንደ እኛው በአንጎሉ ሥር ፒቱታሪ የተባለች ትንሽ ዕጢ አለችው፤ እርሷ የመራቢያ አካላቱን ታዛለች፣ እነርሱም በሴቷ ኤስትሮጅንን፣ በወንዱ ደግሞ የወንዴ ሆርሞኖችን ያመነጫሉ። የሚያስደንቀው የሴቷ ዓሣ ኤስትሮጅን በኬሚካላዊ ቅርጹ ከሴት ልጅ ኤስትሮጅን ጋር አንድ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከሰው ሰውነት የወጣ ኤስትሮጅን ውኃ ውስጥ ቢገባ፣ ዓሣው እንደ ባዕድ ነገር አይቆጥረውም፤ የራሱ መልእክት አድርጎ ይቀበለዋል።

ሆርሞን የሚሠራው እንደ ቁልፍ ነው። በሴሎች ላይ ያሉት ተቀባዮች ደግሞ እንደ ቁልፍ ማስገቢያው ናቸው። ችግሩ ቅርጻቸው ከሆርሞን ጋር የሚቀራረብ ሰው ሠራሽ ኬሚካሎች መኖራቸው ነው። አንዳንዶቹ ገብተው በሩን ይከፍታሉ፤ ሳይጠሩ መልእክት ያደርሳሉ ማለት ነው። ሌሎቹ ደግሞ ማስገቢያው ውስጥ ተሰንቅረው ትክክለኛው ቁልፍ እንዳይገባ ይከለክላሉ።

ሴቷ ዓሣ እንቁላል ልትጥል ስትቃረብ ኤስትሮጅኑ ጉበቷን ያዝዘዋል፤ ጉበቱም ቪተሎጀኒን የሚባለውን የእንቁላል አስኳል ፕሮቲን ይሠራል። ይህን ፕሮቲን የመሥራት ችሎታ በወንዱም ጉበት ውስጥ አለ፤ ይሁን እንጂ የሚያዝዘው በቂ ኤስትሮጅን ስለሌለ ዕድሜውን ሙሉ ተኝቶ ይኖራል። ስለዚህ የወንድ ዓሣ ደም ተመርምሮ ቪተሎጀኒን በብዛት ከተገኘበት ነገሩ ግልጽ ነው፤ ውኃው ውስጥ ኤስትሮጅን ወይም ኤስትሮጅንን የሚመስል ነገር አለ። በላቦራቶሪ ሥራ ላይ ያላችሁ እህት ወንድሞች የዚህን ምርመራ ብልህነት ትረዱታላችሁ። ውኃው ውስጥ በሺህ ከሚቆጠሩት ኬሚካሎች እያንዳንዱን ከማሳደድ ይልቅ ዓሣውን ራሱን ምስክር ማድረግ ነው።

ከእንግሊዝ ወንዞች እስከ ካናዳ ሐይቅ

ነገሩ በስፋት የታወቀው በእንግሊዝ አገር ነው። የከተማ ፍሳሽ ከሚጣራባቸው ጣቢያዎች በታች ሮች በሚባለው ዓሣ ላይ ወንድም ሴትም የሆኑ ማለትም በወንዴ ዘር ፍሬያቸው ውስጥ እንቁላል የያዙ ዓሦች ታዩ። በብሩኔል ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጆን ሰምፕተርና ባልደረቦቻቸው ወንድ ትራውት ዓሦችን በሽቦ ቤት አድርገው ፍሳሹ በሚወጣበት ቦታ አስቀመጧቸው፤ በሳምንታት ውስጥ የወንዶቹ ደም በቪተሎጀኒን ተሞላ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሱዛን ጆብሊንግና ባልደረቦቿ ባወጡት ጥናት ደግሞ ችግሩ የአንድ ወንዝ ሳይሆን በብዙ የእንግሊዝ ወንዞች የተንሰራፋ መሆኑ ታየ። ከፍሳሹ ውስጥ ተለይተው የወጡት ዋና ዋናዎቹ ኬሚካሎች ከሰው ሽንት የሚወጡ የተፈጥሮ ኤስትሮጅኖችና በእርግዝና መከላከያ ኪኒን ውስጥ ያለው ኤቲናይል ኤስትራዲዮል የተባለው ሰው ሠራሽ ሆርሞን ነበሩ።

«ወንዱ እንቁላል ቢይዝስ፣ ዓሣው እስካልጠፋ ድረስ ምን ችግር አለው?» የሚል ይኖራል። ለዚህ መልስ የሰጠው በካናዳ ኦንታርዮ ግዛት የተደረገ ሙከራ ነው። እዚያ ለምርምር ብቻ የተከለሉ ትንንሽ ሐይቆች አሉ። በካረን ኪድ የተመሩ ተመራማሪዎች ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 ይህንኑ የኪኒን ሆርሞን በበጋ ወራት ጨመሩበት። መጠኑ በአንድ ሊትር ውኃ ከ5 እስከ 6 ናኖግራም ገደማ ነበር። ናኖግራም የአንድ ግራም አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ፋትሄድ ሚኖው የተባለው ትንሽ ዓሣ ወንዶቹ ቪተሎጀኒን መሥራት ጀመሩ፣ የዘር ፍሬያቸው ዕድገት ተጓተተ፣ አዲስ ጫጩት እየጠፋ ሄደና የዓሣው ዘር ከሐይቁ ሊጠፋ ተቃረበ። ትልቁ ትራውትም የሚበላው ዓሣ በማጣቱ ቁጥሩ ቀነሰ። በ2007 ይህ ውጤት ሲታተም ብዙዎችን አስደንግጧል። ደግነቱ ሆርሞኑን መጨመር ከቆመ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ትንሹ ዓሣ አገግሟል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማለት እወዳለሁ። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ ጣቱን ኪኒን በሚወስዱ ሴቶች ላይ ሊቀስር ይችላል፤ እኔ ግን በሀዋሳ ጉዳይ ይህ አይዋጥልኝም። እስቲ እናስላው። የሀዋሳ ሐይቅ ስፋት ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱም ወደ 11 ሜትር ነው፤ ይህ አንድ ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ይሆናል። ያን ሁሉ ውኃ በሊትር 5 ናኖግራም ለማድረስ የሚያስፈልገው ሆርሞን 5 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በአንድ የተለመደ ኪኒን ውስጥ ያለው 30 ማይክሮግራም ስለሆነ፣ ከ160 ሚሊዮን በላይ ኪኒን ማለት ነው። ከዚህም ሌላ በአገራችን አብዛኛዋ ተጠቃሚ የምትወስደው መርፌውን ሲሆን፣ በመርፌው ውስጥ ያለው ደግሞ ሌላ ዓይነት ሆርሞን እንጂ ኤስትሮጅን አይደለም። የከተማችን ሽንት ቤትም እንደ እንግሊዝ በቧንቧ ተሰብስቦ ወንዝ ላይ አይለቀቅም፤ ጉድጓድ ነው። እኛን ሊያሳስበን የሚገባው ሌላ ነው።

የሀዋሳ ሐይቅ ጠባይ

ሐይቃችን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ ጥቁር ውኃ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በወንዶ ገነት በኩል የሚወርዱትን ውኆች ተቀብሎ በጨለለቃ ረግረግ አድርጎ ይመጣል። ከሐይቁ የሚወጣው ውኃ በዋናነት በትነት ነው። ውኃ ሲተን ደግሞ ኬሚካሉን ይዞት አይሄድም። በምድጃ ላይ የተጣደ ጨው ያለበት ውኃ ሲነጥፍ ጨው እንደሚቀር ሁሉ፣ ቶሎ የማይፈርስ ነገር አንዴ ከገባ እዚያው ይቀመጣል፤ ወይ ደለሉ ውስጥ፣ ወይ ዓሣው ውስጥ።

በዚያ ላይ ቆሮሶ የሚራባበትን መንገድ ተመልከቱ። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ አሸዋውን ቆፍሮ ጎጆ ይሠራል፤ ሴቷ እዚያ እንቁላሏን ጥላ ከዳበረ በኋላ በአፏ ትሰበስበውና ጫጩቶቹ ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ በአፏ ታሳድጋቸዋለች። ሱብሃነላህ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ዳርቻው ከከተማው ጎርፍ የሚወርድበት፣ መኪና የሚታጠብበት፣ ከእርሻው የሚታጠበው ሁሉ መጀመሪያ የሚደርስበት ቦታ ነው። የዓሣ ጫጩት ደግሞ ለሆርሞን ከሁሉ ዕድሜ የበለጠ ስሱ ነው። ለዚህ ማረጋገጫው ዓሣ አርቢዎች ናቸው። በዓለም ዙሪያ ቆሮሶን በኩሬ የሚያረቡ ብዙዎች ወንዱ ቶሎ ስለሚያድግላቸው፣ አዲስ ለተፈለፈሉት ጫጩቶች ሜቲል ቴስቶስትሮን የተባለ ሆርሞን ከመኖ ጋር ቀላቅለው ለሦስት ለአራት ሳምንት ይሰጧቸዋል፤ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ወንድ ሆነው ያድጋሉ። ሴት ሆነው ሊያድጉ የነበሩት ጭምር! ለጥቂት ሳምንታት የተሰጠ ሆርሞን የዕድሜ ልክ ጾታን ከለወጠ፣ በዳርቻው ውኃ ውስጥ ምን እንደሚገባ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ዲዲቲ

በአገራችን ዲዲቲን የማያውቅ ሰው የለም። ለአሥርተ ዓመታት ወባን ለመከላከል በየቤቱ ግድግዳ ሲረጭ ኖሯል፤ አዳሚ ቱሉ በሚገኘው ፋብሪካም ይዘጋጅ ነበር። በስቶክሆልም ስምምነት ለወባ መከላከያ ካልሆነ በቀር እንዳይመረትና እንዳይሠራበት የተወሰነ ሲሆን፣ ኢትዮጵያም ስምምነቱን እ.ኤ.አ. በ2003 አጽድቃለች። የወባ ትንኝ ስለተላመደችውም በ2000ዎቹ መጨረሻ ገደማ ለወባ መርጨቱ በሌሎች መድኃኒቶች ተተካ። ይሁን እንጂ ለግድግዳ የተባለው ዲዲቲ ወደ እርሻም ሾልኮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት ከአገራችን ልዩ ልዩ ቦታዎች በተሰበሰበ ስንዴና ጫት ላይ ዲዲቲ ተገኝቷል። ጫት የሚቃም ወንድም ሳያጥብ ወደ አፉ የሚከትተው ቅጠል መሆኑን ልብ ይሏል። በሐይቃችን ተፋሰስ ውስጥ ያለው ወንዶ ገነትም በጫቱ የታወቀ ነው።

ዲዲቲ ቶሎ አይፈርስም፤ ሲፈርስም ወደ ዲዲኢ ይለወጣል፣ እርሱም ከአባቱ አይሻልም። ከዲዲቲ ዓይነቶች አንዱ ደካማ ቢሆንም እንደ ኤስትሮጅን ይሠራል። ዲዲኢ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እንዳሳዩት የወንዴ ሆርሞን ተቀባይን ይዘጋል፤ ቁልፉ እንዳይገባ የሚከለክለው ያልነው ዓይነት ነው። በፍሎሪዳ በአፖፕካ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1980 ከአንድ የኬሚካል ድርጅት ዲዲቲ ያለበት የፀረ ተባይ መድኃኒት ከፈሰሰ በኋላ የአዞ ዝርያ የሆኑት አሊጌተሮች ቁጥር ክፉኛ ቀነሰ። ሉዊ ጊሌት የተባሉት ተመራማሪ ሲያጠኗቸው የወንዶቹ ቴስቶስትሮን እጅግ ዝቅ ብሎ፣ ብልታቸውም አንሶ አገኙት።

ወደ እኛው ስንመለስ፣ ከ2010ሩ ዓመታት ጀምሮ በወጡ ጥናቶች በሀዋሳ ሐይቅ ዓሦች ሥጋ ውስጥ የቆዩ ፀረ ተባዮች ተለክተዋል፤ ከሁሉም በብዛት የተገኘው የዲዲቲ ቤተሰብ ሲሆን፣ ኢንዶሰልፋንም ነበረበት። በዝዋይ ሐይቅ ደግሞ አባ ኮዳን ጨምሮ በአራት ዓይነት ወፎች ውስጥ ዲዲኢ ተገኝቷል። አሞራ ገደል ላይ የዓሣ ሆድቃ ለመልቀም ተሰልፎ የሚቆመውን አባ ኮዳ ያየ ሁሉ መርዙ እንዴት እንደሚተላለፍ ለመገመት አይቸገርም። ከውኃው ወደ ጥቃቅኖቹ ተክሎችና ነፍሳት፣ ከእነርሱ ወደ ትንሹ ዓሣ፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ፣ ከዚያም ወደ ወፉና ወደ ሰው፤ በየደረጃው መጠኑ እየጨመረ ይሄዳል። ከሐይቃችን ዓሦች ከፍተኛው የተገኘበት ቢልጫ የመሆኑ ምስጢርም ይኸው ነው። ቆሮሶ በአብዛኛው አልጌ ይበላል፤ ትልቁ ቢልጫ ግን ሌሎች ዓሦችን ይበላል።

እዚህ የተለካው በዓሣው ውስጥ ያለው የመርዝ መጠን መሆኑን፣ የመካንነቱና የጾታ መዛባቱ ምሳሌዎች ደግሞ ከሌላ አገር የመጡ መሆናቸውን አንባቢ እንዲለይልኝ እፈልጋለሁ። «የሀዋሳ ዓሣ መካን ሆኗል» ብሎ ማውራት ሐሰት ነው። የዓሣ መቀነስ ሁሉም በኬሚካል አይመካኝም፤ ዓይኑ በጠበበ መረብ ያልደረሰውን ዓሣ ማውጣትም የራሱ ድርሻ አለው።

ሜርኩሪ

እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ ሀዋሳ ቢልጫ የታተመ ጥናት ደግሞ ሜርኩሪን ይመለከታል። ዓሣ በል የሆኑት ቢልጫዎች ሌላ ነገር ከሚበሉት ቢልጫዎች እጅግ የላቀ ሜርኩሪ ተገኝቶባቸዋል። የአንድ ሐይቅ አንድ ዓይነት ዓሣ ሆነው ልዩነቱን ያመጣው ምግባቸው ነው። አምባዛ ዓሣ የሚበላ ቢሆንም በሌላ ጥናት የተገኘበት ሜርኩሪ ከተጠበቀው ያነሰ ነበር። ሜርኩሪ በዓሣው ላይም ዝም አይልም። በላቦራቶሪ ሜርኩሪ ያለበት መኖ የተመገቡ ዓሦች የመራቢያ ሆርሞኖቻቸው ቀንሰው፣ እንቁላል የሚጥሉትም ጥቂት ሆነው ተገኝተዋል። በሰው በኩል ደግሞ ዋናው ተጎጂ በማህፀን ያለው ጽንስ ነው፤ ሜርኩሪው በእንግዴ ልጁ አልፎ በማደግ ላይ ያለውን አንጎል ይነካል።

ፋብሪካ

ሀዋሳ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ነች። የቆየው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፍሳሽ ምን እንደያዘና በውኃ ውስጥ ሕይወት ላይ ምን እንደሚያደርስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጥናት ወጥቶበታል። በ2016 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም፣ ወደ ውጭ እንዳይለቅ ተደርጎ ነው የተሠራው። ይህ አሠራር ያለማቋረጥ መሥራቱን መከታተል የሐይቁ ጉዳይ ነው። ለምን ቢባል፣ በጨርቅና በሱፍ እጥበት ውስጥ የሚገቡ አንዳንድ ሳሙና መሰል ኬሚካሎች ሲፈርሱ ኖኒልፌኖል የተባለ ኤስትሮጅን መሳይ ይወጣቸዋል። በሰሜን እንግሊዝ በኤየር ወንዝ የሱፍ ማጠቢያዎች ፍሳሽ በሚደርስበት ቦታ ወንድ ትራውቶች ቪተሎጀኒን ይሠሩ ነበር። ፋብሪካዎቹ ያንን ሳሙና ሲቀንሱ በዓሦቹ ደም ውስጥ ያለው ቪተሎጀኒንም ቀነሰ። የተደረገው ሳሙና መለወጥ ነው፤ ፋብሪካ መዝጋት አላስፈለገም።

እንግዲህ ምን እንብላ?

ዓሣ እንደ በሬና በግ መታረድ ሳያስፈልገው የሚበላ፣ ፕሮቲኑ ለሆድ የማይከብድ፣ ለጽንስ አንጎል የሚጠቅም ኦሜጋ ሦስት የተባለ ቅባት ያለው ምግብ ነው። ከማዕድ ማውጣት ኪሳራ ነው። ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባ እናትና ለትንንሽ ልጆች ግን ቆሮሶ ይመረጥ። ትልቅ ቢልጫን እርግዝና የምታስብ እህት ጭምር ብትተወው ይሻላል። ሌላው ሰውም ቢሆን ሁልጊዜ ቢልጫ ከመብላት ማፈራረቁ መልካም ነው።

ዲዲቲና መሰሎቹ የሚቀመጡት በስብ ውስጥ ስለሆነ ቆዳውን፣ የሆዱን ስብ፣ ጉበቱንና እንቁላሉን ማስወገድ የተወሰነውን ይቀንሳል። ስቡ ተንጠባጥቦ እንዲወርድ አድርጎ መጥበስም ይረዳል። ከቆዳና ከስብ የወጣ ሾርባ ግን ስቡን ሁሉ ይዞት ይቀራል። ሜርኩሪ በሥጋው ውስጥ ስለሆነ በመገንጠልም በመቀቀልም አይወጣም፤ ለእርሱ መፍትሔው የዓሣ ምርጫ ብቻ ነው። ስለ ጥሬ ዓሣ በዳጣ የሚጠይቁኝ አሉ፤ እርሱ የትላትል ጉዳይ ስለሆነ ኢንሻአላህ በሌላ ወር እመለስበታለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2013 በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ በተደረገ ጥናት በእናት ጡት ወተትም በላም ወተትም ዲዲቲ መገኘቱ ታትሟል። ይህን ያነበበች እናት ጡት ማጥባቷን እንዳትተው አደራ። የላሙ ወተትም ቢሆን ከዲዲቲ ነጻ አይደለም፤ የጡት ወተት ለልጁ የሚሰጠውን መከላከያ ደግሞ ሌላ ምንም አይተካውም።

በቤታችን ካለው ነገር የሚከተለውን ልብ እንበል። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን ጠርሙስ ወይም ጀሪካን ወንዝ ውስጥ ማጠብ፣ ከዚያም ለውኃና ለዘይት መያዣ ማድረግ በገጠርም በከተማም የሚታይ ነው። የቱንም ያህል ቢታጠብ ለምግብ አይሆንም፤ ተበስቶ ከጥቅም ውጪ ይደረግ። ምልክት በሌለው የሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጥ ፀረ ተባይ አትግዙ፤ ዲዲቲ ይሁን ሌላ የሚያውቅ የለም። ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት፣ ኪኒንም ሆነ ሽሮፕ፣ ሽንት ቤትና ቱቦ ውስጥ ከመጨመር ወደ መድኃኒት ቤት መልሳችሁ እንዴት እንደሚወገድ ጠይቁ። የሚቀበል ካጣችሁ ከሽፋኑ አውጥታችሁ ከቡና አተላ ጋር በፌስታል ለውሱና በደንብ ቋጥራችሁ ልጅ በማይደርስበት ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት። የሆርሞን ኪኒን ለሚወስዱም፣ ለከብቶቻቸው መድኃኒት ለሚገዙም ምክሩ ይኸው ነው።